ሳምቡሳ፣ ኑግና አዋዜ፤ የዘይት ጥብስ ታሪክ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ

በአማርኛ «መጥበስ» የሚለው ግስ ብዙ ሸክም ያለበት ቃል ነው። በፍም ላይ የተጋደመው ሥጋ ይጠበሳል፤ በቅቤ የሚንጨረጨረው ይጠበሳል፤ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል፤ በጋለ ዘይት ውስጥ ሰጥሞ የሚወጣው ሊጥም እንዲሁ ይጠበሳል። ቋንቋው በወጥ ቤት ቃላት ድኻ አይደለም፤ መቁላትን ከማቁላላት፣ ማመስን ከመጋገር፣ ንፍሮን ከቅቅል አጥርቶ ይለያል። ምግብን ሙሉ በሙሉ በዘይት አጥልቆ ለማብሰል ግን ራሱን የቻለ ግስ አላበጀለትም። ከቃል አለመኖር ብቻ ታሪክ መጻፍ አይቻልም፤ ይሁን እንጂ የጎጃም የቤት ዕቃም ይህንኑ ይመሰክራል። ምጣዱ፣ የሸክላ ድስቱ፣ ጀበናው፣ ጋኑና እንሥራው፣ በዘይት የተሞላ ዕቃ ቦታ ያልነበረው የወጥ ቤት ዕቃዎች ናቸው።

ዛሬ ሁኔታው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ፍኖተ ሰላም በ387፣ ቡሬ በ411 ኪሎ ሜትር ርቀት ይገኛሉ። በእነዚህ ከተሞች እንደ ሌሎቹ የመንገድ ዳር ከተሞች ሁሉ፣ በመናኸሪያው አካባቢና በትምህርት ቤቱ በራፍ የከሰል ምድጃ ተጥዶበት፣ በላዩም ብረት ድስት ተቀምጦበት ሳምቡሳ፣ ፓስቲና ቦምቦሊኖ ይጠበሳል። ከድስቱ አጠገብ በትንሽ ሳሕን ዳጣ ወይም አዋዜ ይቀመጣል። ገዢው ትኩሱን በደብተር ቅጠል ተቀብሎ፣ እያጠቀሰ ይበላል። ይህ ነገር ከመለመዱ የተነሣ ከጥንት የነበረ ይመስላል። ነገር ግን ሊጡ፣ ሙሌቱ፣ ዘይቱና ማጥቀሻው ከየራሳቸው አቅጣጫ የመጡ፣ በዕድሜም እኩል ያልሆኑ ናቸው። ከሁሉም ይልቅ የሚያስገርመው የዘይቱ ታሪክ ነው።

በቀድሞው ዘመን ዘይት አይታወቅም ነበር ለማለት አይደለም። ኑግ የኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ ተወላጅ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በስፋት የሚዘራው በሕንድ አገር ነው። በሥነ ዕፀዋት ሊቃውንት ዘንድ የወገኑ ስም «ጊዞቲያ» ይባላል። ስሙ የወጣው ከፈረንሳዊው የታሪክ ጸሐፊና የመንግሥት ሰው ከፍራንሷ ጊዞ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ ስም ለጎጃም ገበሬ ሰብል መሰጠቱ እንዲያው ፈገግ የሚያሰኝ ነገር ነው። ጎጃምና ወለጋ ዋነኞቹ የኑግ አገሮች ናቸው። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ማሳው ቢጫ ይለብሳል፤ ንብ ከአበባው ትቀስማለች፤ አበባውም ዘር ለመያዝ ንብን ይሻል። ኑግ ውሃ በቋጠረና ለምነቱ በደከመ መሬት ላይ ሳይቀር ስለሚበቅል፣ ከእርሱም ቀጥሎ የሚዘራው እህል ስለሚያምር ገበሬው ይወደዋል።

ዘሩ በተለመደው ግምት 40 በመቶ ያህል ዘይት አለው። ችግሩ ዘይቱን ማውጣቱ ላይ ነው። በገጠር ቤት ኑጉ ይታመሳል፣ ይወቀጣል ወይም ይፈጫል፣ ከዚያም በሙቅ ውሃ ይበጠበጣል፤ ዘይቱ ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በጥንቃቄ ይቀዳል። በዚህ መንገድ ከሚገኘው ይልቅ ከእንክቱ ጋር የሚቀረው ብዙ ነው። በመጭመቂያ እንኳ ከዘሩ ክብደት 30 በመቶ ያህሉ ዘይት ሆኖ ቢወጣ፣ ለአንድ መካከለኛ ብረት ድስት የሚበቃ 3 ሊትር ዘይት ለማግኘት ከ9 ኪሎ ግራም በላይ ኑግ ያስፈልጋል። በእጅ ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ስለዚህ የዘይት ጥብስ በጎጃም ያልነበረው ጥበቡ ስለጠፋ ሳይሆን፣ አንዲት እመቤት የብዙ ቀን ድካሟን በአንድ ድስት ውስጥ አፍስሳ ሊጥ እንድትነክርበት የሚያስገድዳት ምክንያት ስላልነበረ ነው። ቅቤውማ ከዚህ የባሰ ውድ ነው። ዘይት በማንኪያ የሚለካ፣ ሽንኩርት የሚያቁላላ፣ ወጥ የሚያወዛ ነገር ነበር። ለምጣድ ማሰሻ እንኳ የጎመን ዘር በቂ ነበር።

ይህ ማለት ግን ቆርጠም ቆርጠም የሚያደርጉት፣ በእፍኝ የሚያዝ ምግብ አልነበረም ማለት አይደለም። የቡና ቁርስና የመንገደኛ ስንቅ የሚሆነው ሁሉ በዚህ ዓይነት የሚመደብ ነው። ቆሎው ከታመሰ ኑግ ጋር ይቀላቀላል፤ ዳቦ ቆሎ ደግሞ የስንዴ ሊጥ በጣት ተድቦልቡሎ፣ እንደ አተር ተቆራርጦ፣ በምጣድ ላይ እየተገላበጠ እስኪደርቅ ይቆላል። አንዳንዷ ባለሙያ በሊጡ ላይ በርበሬና ጥቂት ዘይት ትጨምርበታለች። የሙያው ሰው በጥሞና ቢያየው፣ ዳቦ ቆሎ በዘይት ውስጥ ያልገባ ጥብስ ነው፤ ቅርፊቱ አለ፣ መጠኑ አለ፣ ቅመሙ አለ። የጎደለው የዘይቱ ጥልቀት ብቻ ነው። በጎጃም የሊጥ ጥብስን የሚቀበል ምላስ ድስቱ ከመምጣቱ በፊት ተዘጋጅቶ ቆይቷል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሳምቡሳ ራሱ ረጅም መንገድ ተጉዟል። ስሙ ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1226 በባግዳድ የተዘጋጀው የአል ባግዳዲ የምግብ መጽሐፍ በሥጋና በቅመም የተሞላውን፣ በዘይት የሚጠበሰውን ሊጥ ይገልጻል። በ14ኛው መቶ ዓመት ኢብን ባቱታ በዴልሂ ቤተ መንግሥት ይኸው ምግብ በማዕድ ሲቀርብ አይቷል። ወደ አፍሪካ ቀንድ ያደረሱት የቀይ ባሕርና የሕንድ ውቅያኖስ ንግድ ናቸው፤ በሐረርና በሶማሌ አገር የረመዳን ማፍጠሪያ ሆኖ የጸናውም ስለዚህ ነው። በእነዚያ አገሮች ሙሌቱ በአብዛኛው ሥጋ ነው።

ወደ ክርስቲያኑ ደጋ ሲወጣ ግን ሥጋው በምስር ተተካ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአጽዋማት ቀኖች ለካህናትና ለአጥባቂ ምእመናን በዓመት እስከ 250 ይደርሳሉ፤ ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። በእነዚህ ቀኖች ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አይቀመሱም፤ ዘይት ግን ይፈቀዳል። ምስሩ ሳይፈርስ ተቀቅሎ፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ታሽቶ ሊጡ ውስጥ በገባ ጊዜ ሳምቡሳ የጾም ምግብ ሆነ። ከእስላሙ ማፍጠሪያ ወደ ክርስቲያኑ ጾም የተሻገረው አንዲት ነገር ብቻ በመለወጥ ነው፤ ቅርጹ፣ ስሙና አጠባበሱ እንደነበረ ቀረ። በአንድ አገር የሚኖሩ የሁለት ሃይማኖት ሰዎች በዚህን ያህል ቅለት የተካፈሉት ምግብ ብዙ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ የሩቅ አገር ምሳሌ ማንሣት ይጠቅማል። በአሜሪካ ከተሞች ከምሥራቅ አውሮፓ የፈለሱ አይሁድ የጨው ሥጋ፣ የኮመጠጠ ጎመንና የአጃ ዳቦ የሚሸጡባቸው ሱቆች ከፍተው ነበር። ከዚያ ዓይነት ሱቅ ጋር ስሙ የተያያዘው «ሩበን» የተባለው ሳንዱዊች ነው፤ ጨው የገባ የበሬ ሥጋ፣ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን፣ የስዊስ አይብና ቀላ ያለ የማዮኔዝ ስጎ በአጃ ዳቦ መካከል ይቀመጡበታል። የፈጠራውን ክብር አንዳንዶች ለኒው ዮርኩ አርኖልድ ሩበን፣ ሌሎች ደግሞ በኔብራስካ የኦማሃ ከተማ ነጋዴ ለነበረው ለሩበን ኩላኮፍስኪ ይሰጣሉ። ከጊዜ በኋላ ወጥ ሠሪዎች የሳንዱዊቹን ሆድ ዕቃ ከትፈው፣ እንደ እንቁላል አስኳል አድቦልቡለው፣ በዱቄት፣ በእንቁላልና በዳቦ ፍርፋሪ ሸፍነው በዘይት መጥበስ ጀመሩ፤ ስጎው ከውስጥ ወጥቶ ማጥቀሻ ሆነ። ከዋናው ምግብ በፊት በቡና ቤትና በግብዣ ላይ የሚቀርበው ይኸው ነው። የሚገርመው፣ የአይሁድ ሕግ ሥጋን ከወተት ተዋጽኦ ጋር መብላት ስለሚከለክል፣ በአይሁድ ሱቅ ስም የሚጠራው ሩበን ራሱ ሕጉን ያፈረሰ ምግብ መሆኑ ነው። ሳምቡሳ በጎጃም የሃይማኖት ሥርዓት ለማክበር ሲል ሆዱን ለወጠ፤ ሩበን በአሜሪካ ሥርዓቱን ትቶ ስሙን ያዘ። ሁለቱም ግን አንድ የሙያ ምሥጢር ይጋራሉ፤ ትልቅ ምግብ በትንሽ ቅርፊት ውስጥ ገብቶ፣ በእጅ ተይዞ፣ በአንድ ወይም በሁለት ጉርሻ ያልቃል። በአዲስ አበባ ተማሪዎች የሚወደደው «እርጥብ»፣ ማለት በዳቦ ወይም በፓስቲ መካከል ድንችና የሚያቃጥል ስጎ የሚጨመርበት ምግብ፣ የዚሁ ዘመድ ነው።

የስንዴው ዱቄትና ብረት ድስቱ በጎጃም ከተሞች የተስፋፉት መንገዱን ተከትለው ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ጎጃም ታላላቅ ገበያዎች ነበሯት፤ ባሶ ከአባይ ማዶ የሚመጣውን ቡናና የዝሆን ጥርስ ሲቀበል፣ ቡሬም ወደ ወለጋ በሚወስደው መሥመር ላይ የነጋዴ ማረፊያ ነበረች። ዛሬም የነቀምት መንገድ የሚገነጠለው ከቡሬ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ጊዜ መንገድ ተጠረገ፣ ምሽግም ተሠራ፤ የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ያፈገፈገው በየካቲት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ጦሩ ሲሄድ ፉርኖ፣ ፓስታና ቦምቦሊኖ የሚሉት ቃላት ቀሩ። ወራሪ ያስቀረው ነገር ሁሉ ይጣል አይባልም፤ በዘይት የሚጠበስ የስንዴ ሊጥ በኢትዮጵያ ከተሞች የሻይ ቤት ቁርስ ሆኖ የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ድንቹም እንግዳ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ጀርመናዊው የዕፀዋት ሊቅ ዊልሄልም ሺምፐር፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1858 እንደሆነ በሰፊው ይነገራል። ምዕራብ ጎጃም ከአዊና ከደቡብ ጎንደር ጋር ዛሬ ከአገሪቱ ዋና ዋና የድንች አምራቾች አንዱ ነው፤ የአዴት የግብርና ምርምር ማዕከልም ዘንገናና ጓሳ የተባሉትን ዝርያዎች አውጥቷል። በመንገድ ዳር የተቀቀለ ድንች በዳጣ መሸጡ በዚህ አገር ከማንኛውም ጥብስ ይልቅ የተለመደ ነው። ዘይት የማያስፈልገው ስለሆነ ሻጯ ትርፏን ለነጋዴ አታካፍልም።

የሳምቡሳው አሠራር በጽሑፍ ሲያዩት ቀላል ነው፤ በተግባር ግን ሁለት አስቸጋሪ ቦታዎች አሉት። አንደኛው ሊጡ ነው። የስንዴ ዱቄት በጨውና በውሃ ጠንከር ተደርጎ ይታሻል፤ ካረፈ በኋላ በመዳመጫ ወይም በጠርሙስ እስኪሳሳ ይዳመጣል፤ በምጣድ ላይ ለቅጽበት ብቻ ይደርቃል እንጂ አይበስልም። ከዚያ በሰፊ ጥብጣብ ተቆርጦ እንደ ቀንድ ይጠቀለላል፤ ምስሩ ይገባል፤ አፉ በዱቄት ብጥብጥ ይታሸጋል። ምስሩ ውሃ ከያዘ ሊጡን ከውስጥ ያረጥበዋል፤ በዘይቱ ውስጥ ሳለም ይፈነዳል። ስለዚህ ከቀቀሉት በኋላ ደህና አድርጎ ማንጠፍጠፍ ግድ ነው።

ሁለተኛው አስቸጋሪ ቦታ የዘይቱ ሙቀት ነው። በመጻሕፍት የሚመከረው ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ሊጡ በዚህ ሙቀት ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ዘይቱ እንዳይገባ የሚከላከለው ይህ ግፊት ነው። የሚንጫጫው ድምፅ የእንፋሎቱ ድምፅ ነው፤ ድምፁ ሲቀንስ ባለሙያዋ ቴርሞሜትር ሳያስፈልጋት ሳምቡሳው መድረሱን ታውቃለች። ዘይቱ ከቀዘቀዘ ሊጡ እንደ ስፖንጅ ይጠጣዋል። ቡሬ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እርጥበቱ በቶሎ ይወጣል፣ ቅርፊቱም ሆዱ ሳይሞቅ በፊት ይቀላል። ስለዚህ በባሕር ዳርቻ ላሉ አገሮች የተጻፈውን መመሪያ የሚከተል ወጥ ሠሪ በጎጃም ሙቀቱን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ይኖርበታል። ከሰሉን በእጇ እየለየች የምትጨምረውና የምትቀንሰው የመናኸሪያዋ ሴት ይህን ያወቀችው ከመጽሐፍ አይደለም።

በማጥቀሻው በኩል ምዕራብ ጎጃም ከማንም አያንስም። «አጠቀሰ» የሚለው ቃል ብዕርን በቀለም፣ ዳቦን በወጥ መንከርን ይናገራል፤ ከዚያው ሥር የወጣው «ጠቀሰ» ደግሞ የሌላውን ቃል ማውሳት ነው። ቃሉ የጽሕፈት ቤቱንና የማዕዱን ሥራ በአንድ ላይ መያዙ የሊቃውንት አገር ለሆነችው ጎጃም ይገባታል። በቡሬ፣ በወምበርማና በጃቢ ጠህናን የሚመረተው በርበሬ በአገሪቱ ገበያ የታወቀ ነው። በርበሬም ቢሆን ከአሜሪካ አህጉር የመጣ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1492 በፊት በዚህ አገር ሊኖር አይችልም ነበር። ከእርሱ በፊት የማቃጠሉን ሥራ የሚሠሩት ቁንዶ በርበሬ፣ ጥምዝና ሰናፍጭ ነበሩ። ዛሬ አዋዜው በበርበሬ፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል፣ በጠጅ ወይም በውሃ ይለወሳል፤ ዳጣው ከቃሪያና ከበሶብላ ይደቆሳል። በሳምቡሳው ላይ ከአገር ውጭ ያልመጣ፣ ወይም ቢያንስ በአገር እጅ ያልተሠራ ነገር ቢፈለግ ከማጥቀሻው ይጀመራል።

ወደ ዘይቱ እንመለስ። በደርግ ዘመን ዘይት ከስኳርና ከሳሙና ጋር በቀበሌ ሱቅ በራሽን የሚታደል ዕቃ ነበር፤ በዚህ ሁኔታ ድስት ሙሉ ዘይት ለንግድ ማፍሰስ ቀላል አልነበረም። የመንገድ ዳሩን ጥብስ ያበዛው በኋላ ከውጭ የገባው የፓልም ዘይት ነው። ከኢንዶኔዢያና ከማሌዢያ በጄሪካን የሚመጣው ይህ ዘይት በመንግሥት ድጎማ በሸማቾች ማኅበራት በኩል በርካሽ ተከፋፈለ። ለጥብስም ይመቻል። ግማሽ ያህሉ የረጋ ቅባት ስለሆነ ደጋግሞ ቢሞቅ በቶሎ አይበላሽም። የኑግ ዘይት በተቃራኒው ከቅባቱ 70 በመቶ ያህሉ በቀላሉ ከአየር ጋር የሚዋሐድ ሊኖሌይክ የተባለው ዓይነት በመሆኑ፣ ለጤና የሚመሰገነውን ያህል በድስት ውስጥ ሲመላለስ ቶሎ ይሻግታል። የኑግ አገር ሰው በሌላ ዘይት መጥበሱ ስንፍና ወይም አገርን መናቅ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ድስቱ ራሱ ፓልምን መርጧል።

ዋጋው ግን በሌላ በኩል ይከፈላል። እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን ጦርነት ምክንያት የዓለም የዘይት ገበያ ሲናወጥ፣ ኢንዶኔዢያም ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ግንቦት የፓልም ዘይት ወደ ውጭ መላክ ስታግድ፣ የዘይት ዋጋ በመላ ኢትዮጵያ ናረ። ኑጉ ደግሞ በበኩሉ ወደ ውጭ ይላካል። በሰሜን አሜሪካ ሰዎች በግቢያቸው ለሚያስጠጓቸው ትንንሽ ወፎች ከሚያቀርቡት መኖ አንዱ ኑግ ነው፤ ከነአረም ዘሩ በባዕድ መሬት እንዳይበቅል አስቀድሞ በሙቀት ይታከማል። እንግዲህ የጎጃም ኑግ የአሜሪካን ወፍ ይመግባል፤ የፍኖተ ሰላም ሳምቡሳ በእስያ ዘይት ይጠበሳል። ይህን ያመጣው የማንም ክፋት አይደለም፤ የውጭ ምንዛሪ የሚፈልግ አገር ዘሩን ሸጦ ዘይት መግዛቱ በሒሳብ መዝገብ ላይ ትክክል ሊመስል ይችላል። በማሳው ላይ ደግሞ በቆሎና በርበሬ ለገበሬው የተሻለ ስለሚያስገኙ ኑግ ወደ ደከመው መሬት ተገፍቷል።

በ2013 ዓ.ም. በቡሬ የፊቤላ የዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ይህ ክፍተት ይዘጋል የሚል ትልቅ ተስፋ ነበር። በዚያው ዓመት የቡሬ የተቀናጀ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተመረቀ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ግዙፍ ፋብሪካ የሚፈልገው ዘር በአካባቢው ማሳ ከሚታፈሰው እጅግ የሚበልጥ ስለሆነ፣ ከውጭ የሚገባ ድፍድፍ ዘይት ማጣራትም የሥራው ክፍል ሆነ። ለዚያ ደግሞ ምንዛሪ ያስፈልጋል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተነሣው ጦርነት በመንገዱም በገበያውም ላይ የጨመረው ችግር ለማንም የተሰወረ አይደለም።

ይህ ሁሉ ለምግብ ባለሙያው የሚያስቀርለት ሥራ አለ። የኑግ ዘይት ለተደጋጋሚ ጥብስ አይመች እንጂ ለአንድ ጊዜ ማሞቅ ይበቃል፤ ጣዕሙም ከፓልም ዘይት ጋር አይወዳደርም። በከተሞቹ በሞተር የሚሠሩ ትንንሽ መጭመቂያዎች አሉ፤ የሚተርፈው ፋጉሎ ለከብት ይሸጣል። ምስሩን በኑግ ዘይት ማቁላላትና አዋዜውን በኑግ ዘይት ማወዛት፣ ድስቱን ግን ለሚችለው ዘይት መተው፣ በሆቴልም በመናኸሪያም ሊሠራበት የሚችል ዘዴ ነው። ለ100 ሳምቡሳ ሙሌት የሚያስፈልገው የኑግ ዘይት ከአንድ ወይም ከሁለት የሻይ ብርጭቆ አይበልጥም፤ ይህንም ያህል ለማግኘት ከአንድ ኪሎ ግራም በመጠኑ ያለፈ ኑግ ይበቃል።